በስደት አገር፣ ክብደት ኖሮሽ ስታረግዢ

በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ሚዛን ላይ ትወጫለሽ፣ ቁመትሽ ይለካል፣ ከዚያ ነርሷ ገና በደንብ ባልለመድሽው ቋንቋ ፈጠን ብላ አንድ ቁጥር ትናገራለች። ቢኤምአይ የሚሉት ይህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ክብደትሽን በኪሎ ወስደሽ ለቁመትሽ በሜትር ሁለት ጊዜ ታካፍዪዋለሽ። 80 ኪሎ ሆነሽ ቁመትሽ 1 ሜትር ከ60 ከሆነ፣ 80 ለ1.6 ሲካፈል 50፣ 50 እንደገና ለ1.6 ሲካፈል 31.25 ይመጣል። ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመዘገባል። የሚታሰበው ከማርገዝሽ በፊት የነበረሽ ክብደት ስለሆነ፣ ቀጠሮው ዘግይቶ ከሆነ የቀድሞውን ኪሎሽን ራስሽ ንገሪያቸው።

ይህን የሰማች አንዷ ትደነግጥና ከማግስቱ ጀምሮ እራት ታቆማለች። ሌላዋ ደግሞ «ለሁለት ነው የምትበዪው» የሚሏትን ሰምታ እንዳሻት ትቀጥላለች። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል። እርግዝና ላይ ክብደት ለመቀነስ አይሞከርም፤ የሚፈለገው ጭማሪው ዝግ እንዲል ብቻ ነው። በ2009 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያወጣውና ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያ፣ አንድ ልጅ ላረገዘች ሴት ቢኤምአይዋ ከ25 እስከ 29.9 ከሆነ በጠቅላላው ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል ይላል። ለመንታ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንድ ልጅ ላረገዘችው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከግማሽ እስከ 2 ኪሎ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሳምንት ከ200 እስከ 300 ግራም አካባቢ ማለት ነው።

«5 ኪሎማ ልጁን ብቻ አይሆንም ወይ?» የምትል ብዙ ናት። እንደምር። ልጁ ከ3 ኪሎ በላይ፣ የእንግዴ ልጅ 700 ግራም ገደማ፣ የሽርት ውሃው 900 ግራም ያህል፣ ማህፀን ወደ 1 ኪሎ፣ የሚጨምረው ደም ከ1 ኪሎ በላይ። ይህ ሁሉ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ 7 ኪሎ የጨመረች ሴት ከራሷ ስብ ላይ የጨመረችው የለም ማለት ይቻላል፣ ልጁም ምንም አልጎደለበትም።

ሚዛን ቤትሽ ካለ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በቀላል ልብስ ተመዘኚና ጻፊው። በየቀኑ የሚመዘን ሰው የሚያየው የውሃንና የጨውን መውጣትና መውረድ ስለሆነ በከንቱ ይጨነቃል። ግን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ኪሎሽ ድንገት ቢዘል፣ ፊትሽና እጅሽም ካበጡ፣ ያ ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተጨመረበት በዚያው ሰዓት ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ደውይ። ቀጠሮ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ሳህኑ። ግማሹን አትክልት ሙዪው፣ ሩቡን ፕሮቲን፣ ማለትም ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ፤ የቀረው ሩብ ለዳቦ፣ ለሩዝ፣ ለድንች ወይም ለፓስታ ነው። ከአትክልቱና ከፕሮቲኑ ጀምረሽ ዳቦውን መጨረሻ ላይ ብትበዪው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ኪሎ የሚጨምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በማያስበው ቦታ ነው፤ እንደ እኔ ዘይቱና መጠጡ ናቸው ቅድሚያ የሚገባቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ስታንቆረቁሪ ሦስትና አራት ማንኪያ ሳታውቂው ድስቱ ውስጥ ይገባል። ማንኪያውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጪና እየለካሽ ጨምሪ፤ ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ዘይት ከመድገም ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ለስላሳ ደግሞ 35 ግራም ገደማ፣ ማለትም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል። ጭማቂም፣ ቤት የተጨመቀ ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፍሬውን ራሱን ብይው።

ተጨማሪ ምግብ መቼ ያስፈልጋል? በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አያስፈልግም። በአንዳንድ አገሮች መመሪያ ተጨማሪው የሚፈቀደው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ብቻ ሆኖ በቀን 200 ካሎሪ ነው፤ ትንሽ ቅቤ የተቀባ ሁለት ስስ ቁራሽ ዳቦ ማለት ነው። ማቅለሽለሽ ካለብሽ ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ትንሽ ደረቅ ነገር ቅመሺ። ውሃውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን በመሃል በመሃል ጠጪ።

የሌሊት ሥራ የሚሠሩ እህቶች ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም የሚሰጠው ምክር ሁሉ ሌሊት ለሚተኛ ሰው የተጻፈ ነው። ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ብዪ። እኩለ ሌሊት ላይ ከቤት የያዝሽው እንቁላል፣ እርጎ ወይም ጥራጥሬ ከአትክልት ጋር ይበቃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚመጣው የጣፋጭ አምሮት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ነው፤ ከማሽኑ ቸኮሌት ከመግዛትሽ በፊት ውሃ ጠጪና ጥቂት ተራመጂ። ለመንቃት ቡና የምትደጋግሚ ከሆነ የካፌይን ልክ በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ትልቅ ኩባያ ጠንካራ ቡና ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ስትገቢ ቀለል ያለ ቁርስ በልተሽ ተኚ፣ ግን ቃር ካለብሽ ወዲያው አትጋደሚ።

ክብደት ያላት ሴት በእርግዝና ለሚመጣ ስኳር የበለጠ የተጋለጠች ስለሆነች ምርመራው አይቀርላትም። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ። በአንዱ ዓይነት ሌሊቱን ጾመሽ ታድሪና 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ደምሽ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ደም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንዱ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። በሌላ መለኪያ የሚጽፉ አገሮች ይህንኑ 5.1፣ 10 እና 8.5 ይሉታል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ነገር አለ። ውጤቱ እንዲያምር ብላ ለቀናት ዳቦና ሩዝ የምትተው ሴት ሰውነቷ ስኳሩን መቀበል ስለሚከብደው የሌለባት በሽታ ሊገኝባት ይችላል። እንደወትሮሽ ብዪ። ከጠጣሽ በኋላ ካስመለሰሽ ወዲያው ንገሪያቸው፤ ምርመራው ሊደገም ይገባል። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ሄደሽ አትመርመሪ፣ ሌሊቱን ተኝተሽ ላደርሽበት ጠዋት ቀጠሮ ጠይቂ።

ስኳር ከተገኘብሽና ቤት እንድትለኪ መሣሪያ ከተሰጠሽ፣ መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና አድርቂ። ፍራፍሬ የላጠ ጣት ላይ የቀረ ጭማቂ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። የጣትሽን መሃል ሳይሆን ጎኑን ውጊ፣ ሕመሙ ይቀንሳል። የተለመደው ግብ በሚሊ ግራም ሲጻፍ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከበላሽ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ነው። ጠዋት ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም የደምን ስኳር ለሚያወርደው ሆርሞን፣ እምቢተኛ ስለሚሆን ያው ሁለት ቁራሽ ዳቦ ከምሳ ይልቅ ቁርስ ላይ ቁጥሩን የበለጠ ያንረዋል፤ ቁርስን አንድ ቁራሽ ዳቦ ከእንቁላል ጋር አድርጊው። በባዶ ሆድ የሚለካው እምቢ ካለ እራት መተው መፍትሔ አይሆንም። ያ ቁጥር በእርግዝናው ሆርሞን የሚመራ ስለሆነ ኢንሱሊን ሊያስፈልግ ይችላል፣ ይህም የአንቺ ጥፋት አይደለም።

የደም ግፊት ሲለካ የክንድ መጠቅለያውን መጠን ተመልከቺ። መካከለኛው መጠቅለያ የክንዳቸው ዙሪያ እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰዎች የሚሆን ነው፤ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ከእውነተኛው በላይ ያነባል። «ትልቁን አምጡልኝ» ማለት መብትሽ ነው። አልትራሳውንድ ላይም የሆድ ስብ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው ድገሚ ብትባዪ ልጁ ላይ ችግር ታይቷል ማለት አይደለም።

ፎሊክ አሲድ የተለመደው 400 ማይክሮ ግራም ቢሆንም፣ ቢኤምአይ 30 እና በላይ ለሆነች ሴት በአንዳንድ አገሮች እስከ 12ኛው ሳምንት 5 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ ይህ ከፍተኛ መጠን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። የብረት እንክብልን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር አትውሰጂ፣ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይቀራል። ክብደት የሚቀንስ መርፌ ትወስጂ ከነበረና ሳታስቢው ካረገዝሽ፣ መውሰዱን አቁመሽ ለሐኪምሽ ሳትዘገዪ ንገሪ። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትም ሳትደብቅ ትናገር፤ ያ የግሉኮስ መጠጥ ሊጥላት ስለሚችል በምትኩ ለጥቂት ቀናት በጣት ደም መለካት ይቻላል።

እንቅስቃሴ ያልለመደች በሳምንት 3 ቀን 15 ደቂቃ በመራመድ ትጀምርና ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ታሳድገው፤ ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ ልኩ ነው፣ ማውራት ካቃተሽ ቀንሺ። ደም ከታየሽ፣ ደረት ካመመሽ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አስተርጓሚ ጠይቂ። ባል ወይም ልጅ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ፤ ባል አንዳንዱን ያለሳልሳል፣ ልጅ ደግሞ ሊሰማው የማይገባውን ይሰማል። ቀጠሮ ስትይዢ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ጥያቄዎችሽን ጽፈሽ ሂጂ፣ ኪሎው በፓውንድ ከተነገረሽ ለ2.2 አካፍዪው። ስኳር ኖሮብሽ ከወለድሽ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለብሽ። ይህን ቀጠሮ አዲስ ልጅ የያዘች እናት በቀላሉ ትረሳዋለች፣ ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሳትወጪ አስይዢው።