እንኳን ለዓድዋ አደረሳችሁ፦ ዘንድሮ ስለ ፈረስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለየካቲት 23 አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁም፣ በሰው አገር ከሥራ መልስ በስልክ የምታከብሩትም።

ፒያሳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የእምዬ ምኒልክን ሐውልት ሁላችንም ቀና ብለን የምናየው ለንጉሡ ነው። እስኪ ዛሬ ትንሽ ዝቅ በሉና ፈረሱን እዩት። የነሐሱ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ንጉሡ ዘውድ ደፍተዋል። ዘውድ ደፍቶ ጦር ሜዳ መግባት እንኳ አይመችም፤ ግን ሐውልት ነውና ይሁን።

ፈረሱ ለጌጥ አልገባም። የዚያ ዘመን ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። ቀኑም የጊዮርጊስ ነው፤ ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. አብሮ ዘምቷል። ሰማዕቱንስ በሥዕል የምናውቀው በነጭ ፈረስ ላይ አይደል? ሁለቱ ፈረሰኞች ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ አንዱ ደጅ።

ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስቶች ነቅለው ቀበሩት። ያውም በሌሊት! አገሩን ይዘናል የሚል፣ መትረየስና አውሮፕላን ያለው ሠራዊት፣ አንድ ሐውልት ለማንሣት ጨለማ ጠበቀ። እኔ ስለ ዓድዋ ከሰማሁት ዲስኩር ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች። ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ላይ ተተከለ።

ቅሬታ ግን አለኝ። አብዛኛው ዘማች እኮ እግረኛ ነበር። ስንቅ ያዘለችው ሴት ነሐስ አልደረሳትም። መቀሌ ላይ ምንጩን አስይዘው የጣሊያንን ምሽግ በውኃ ጥም ያስጨነቁት እቴጌ ጣይቱም ከንጉሡ ጎን የሉም። እዚያው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም መመረቁ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ለሌሎቹም ቦታ ይበቃል።

በዓሉን ለማየት የምትወጡ፣ በጊዜ ውጡ፤ መንገድ ይዘጋል። ቀይ ዘርፍ ያጠለቁ ፈረሶች ካጋጠሟችሁ ልጆቻችሁን ከኋላቸው አርቁ። ፉከራውና ጥሩምባው ሲደምቅ እነሱም ይደነግጣሉ፤ ርግጫቸው ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

መልካም በዓል!