የፖስትዶክ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

አሜሪካ ውስጥ የፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚደረግ የምርምር ሥልጠና) ቦታ ያገኙ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ይከፈላል?» የሚለውን ነው። መቅደም ያለበት ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የሚጠየቀው የመኖሪያ ፈቃድም፣ ግብሩም፣ የአገልግሎት ግዴታውም የሚወሰነው በዚያ ነው።

የቤተ ሙከራ ግኝት ሕመምተኛው ዘንድ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ለሚያጠናው ዘርፍ፣ ማለትም ለክሊኒካልና ትራንስሌሽናል ሳይንስ፣ ዋናው ምንጭ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሲቲኤስኤ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የፖስትዶክ ቦታው ቀድሞ ቲኤል1 ይባል ነበር፤ አሁን ቲ32 በሚባለው የኤንአይኤች የሥልጠና ድጋፍ በኩል ይሰጣል። ገንዘቡን የሚይዘው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ የምታመለክቱትም እዚያው ላለው የፕሮግራሙ ኃላፊ ነው። ኤፍ32 ደግሞ ከአማካሪያችሁ ጋር ጽፋችሁ በራሳችሁ ስም የምትወዳደሩበት የኤንአይኤች ድጋፍ ነው።

ሁለቱም ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ የሚለያዩት በጊዜው ነው። ቲ32 በምትመደቡበት ቀን ካርዱ መኖር አለበት። ኤፍ32 ግን ድጋፉ እስኪሰጥ ድረስ ይታገሳል፤ ስለዚህ ካርዱ በሂደት ላይ ያለ ሰው አሁኑኑ ማስገባት ይችላል። ጄ1 ወይም ኤች1ቢ ቪዛ ያላችሁ ኬ99/አር00 የሚባለውን የኤንአይኤች ድጋፍ ተመልከቱ፤ ዜግነት አይጠይቅም። እዚያ የሚያስቸግረው የጊዜ ገደቡ ነው፦ ማመልከቻው ሲገባ የፖስትዶክ ምርምር ልምዳችሁ ከ4 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ውድቅ የሆነውን አሻሽላችሁ ስትመልሱም ደንቡ ያው ነው። በእኔ እምነት 2ኛው ዓመት ሳያልቅ ረቂቁ መጀመር አለበት።

የአገልግሎት ግዴታው ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው ነው። በቲ32 ወይም በኤፍ32 የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት እያንዳንዱ ወር የአንድ ወር አገልግሎት ዕዳ ያስገባል፤ ከ13ኛው ወር ጀምሮ ሥልጠናው ራሱ ዕዳውን ይከፍላል። 24 ወር የቆየ ነፃ ነው። 18 ወር የቆየ የ6 ወር ዕዳ ይቀርበታል። 8 ወር ቆይቶ ለቆ ሙሉ ጊዜውን ሕመምተኛ ወደ ማከም የሄደ 8 ወር አለበት፤ ሕክምና ብቻውን አይቆጠርለትም። ከጤና ጋር የተያያዘ ምርምር ወይም ማስተማር፣ በአማካይ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ፣ በ2 ዓመት ውስጥ መጀመር አለበት። አለዚያ ገንዘቡ ከነወለዱ ይጠየቃል።

በቲ32 ወይም በኤፍ32 የሚከፈለው የኑሮ ድጎማ (ስታይፔንድ) ደመወዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ልምድ ለሌለው ጀማሪ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር፤ በወር 5,084 ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግብር ሳይቆረጥለት ሙሉው ባንክ ይገባል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የገቢ ግብር አለበት፤ በፎርም 1040-ኢኤስ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ያላስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ዕዳውም ቅጣቱም አብረው ይመጡበታል። ገንዘቡ በገባ ቀን የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር ነው የሚበጀው። ሶሻል ሴኩሪቲም ስለማይቆረጥበት ለጡረታ አይቆጠርም።

ማመልከቻ የሚያበላሸው ሌላው ነገር ክሊኒካል ትራያል፣ ማለትም ሕክምናን በሰዎች ላይ የሚሞክር ጥናት፣ ነው። በኤፍ32 ሠልጣኝ ትራያልን በራሱ ኃላፊነት አይመራም፤ በአማካሪው ትራያል ውስጥ ልምድ ይቀስማል። አማካሪው የደም ግፊት መድኃኒት እየሞከረ ከሆነ፣ ሠልጣኙ ከተሰበሰበው የደም ናሙና ተነሥቶ መድኃኒቱ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ለምን እንዳልሠራ ሊጠይቅ ይችላል። «ሕመምተኞችን በዕጣ በሁለት እከፍላለሁ» ብሎ በስሙ ከጻፈ ግን ማመልከቻው ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል። አማካሪው ትራያሉን የሚመራው እሱ ራሱ መሆኑን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ያስፍር።