ዘውዱን አይቼ ጎፈሩን ሳላይ

እንግሊዝ አገር፣ አንድ ሙዚየም የሳንቲም ክፍል ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የገጠመኝ ነው። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። ከአንድ አሮጌ ስብስብ የመጡ የሮም ሳንቲሞችን እመዝናለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ የንጉሡን ስም አንብቤ በየመሳቢያው አስገባለሁ።

ያን ቀን አረንጓዴ ዝገት የያዘው አንድ የነሐስ ሳንቲም አነሳሁ። ስፋቱ ከእኛ 25 ሳንቲም እምብዛም አይለይም። ጺማም ፊት፣ እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ ዘውድ፣ ዙሪያውን ጥርት ብሎ የሚነበብ ስም፦ ዲዮቅልጥያኖስ።

ልቤ ዘለለ። ይህን ስም ስንክሳር ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው እሱ ከነገሠበት፣ በፈረንጆቹ ከ284 ጀምሮ ነው። ስለማውቀው አላመነታሁም። ገልበጥ ሳደርገው የሰላም አምላካቸው ፓክስ የወይራ ዝንጣፊ ይዛ ቆማለች። በቃ። መዘገብኩትና ዲዮቅልጥያኖስ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳንቲም ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። መሳቢያውን ሳብ አድርገው ያንኑ ሳንቲም በጠርዙ ይዘው አወጡ፤ አጉሊ መነጽሩንም አቀበሉኝ።

“የጀርባውን ጽሑፍ መጨረሻ አንብብልኝ። ቀስ ብለህ።”

“ፓክስ አውግግግ” አልኩ።

“ስንት ‘ግ’ ነው?”

ሦስት ነው። ያኔም ነገሩ አልገባኝም።

‘አውግ’ ማለት አውግስጦስ፣ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ነገሥታቱ ሁለት ሲሆኑ ‘ግ’ ትደገማለች። ዲዮቅልጥያኖስ ከ286 ጀምሮ ከማክሲሚያኖስ ጋር ነው የገዛው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የራሳቸው ሳንቲም ‘አውግግ’ ይላል። ሦስተኛዋን ‘ግ’ ራሱን ሦስተኛ ንጉሥ ቆጥሮ የጨመረው ሌላ ሰው ነው፦ ካራውሲየስ።

ካራውሲየስ ዛሬ ቡሎኝ በምትባለው የፈረንሳይ ወደብ የሮም መርከቦች አዛዥ ነበር። ከባሕር ወንበዴዎች ያስጣለውን ንብረት ለራሱ ያስቀራል ተብሎ ተከሰሰ፤ ማክሲሚያኖስም እንዲገደል አዘዘ። እሱ ግን መርከቦቹን ይዞ ሸፈተ፤ ብሪታንያ ተሻግሮ ነገሠ። በ289 የተላከበት መርከብ ጦር አልተሳካለትም። ያኔ ካራውሲየስ በራሱ ማተሚያ የሁለቱን ነገሥታት ስም ይዞ ሳንቲም ያሳትም ጀመር። አንዱ ላይ የሦስቱን ፊት ጎን ለጎን አስቀርጾ “ካራውሲየስና ወንድሞቹ” ብሎ ጽፎበታል። ወንድሞቹ ያላቸው ግን ወንድምነቱን አልተቀበሉም። ሽማግሌ ሳይላክ የታወጀ እርቅ ነው። በ293 የራሱ ሹም አሌክተስ ገደለው፤ አሌክተስም በ296 ተሸነፈ።

አለቃዬ መብራቱን ጋደል አደረጉት። ከፓክስ እግር ሥር፣ ከዝገቱ መሐል፣ ሁለት ፊደሎች ብቅ አሉ፦ ‘ኤም’ እና ‘ኤል’። የሎንዶን ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ ሎንዶን ውስጥ ሳንቲም የሚያሳትመው ካራውሲየስ ነው። ጠዋት እኔ በመዝገቡ ላይ “ማተሚያው አይነበብም” ብዬ አልፌዋለሁ።

ልጆች ሆነን “ዘውድ ወይስ ጎፈር” እያልን ሳንቲም ስናጎን ሁለቱም ፊት እኩል ነበር። እኔ ግን ዘውዱን አምኜ ጎፈሩን እንዲሁ አለፍኩት። ያሳዘነኝ መሳሳቴ ብቻ አይደለም። አንድ ዙፋን የነጠቀ ሰው “እኔም ከእናንተ እኩል ነኝ” ያለባትን ፊደል፣ እኩልነቱን በነፈገው ሰው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት። እንዲህ ያሉ ነገሥታት የጻፉት ታሪክ አልደረሰንም፤ ስለ ካራውሲየስም በዘመኑ ያወሩት ጠላቶቹ ናቸው። የእሱ ቃል የቀረው ሳንቲሙ ላይ ነው።

አለቃዬ አልተቆጡም። “መሳቢያውን ከላይ ጀምረህ እይ” ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት አንድ በአንድ ጀርባቸውን አነበብኩ። ከዲዮቅልጥያኖስ መሳቢያ ሌላ ባለ ሦስት ‘ግ’ አልተገኘም። ከሥሩ ያለውን የማክሲሚያኖስን መሳቢያ ማንም እይ አላለኝም፤ ከፈትኩት። አስራ አራተኛው ሳንቲም ላይ እጄ ቆመ። ጠርዙ ተሰብሯል፣ የንጉሡ አፍንጫ ተፍቋል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ነው። ሮጬ ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።