«ማነው የሚከተለኝ?»፦ ክራር በላፕቶፕ ለመቅዳት ያየሁት አበሳ

አጎቴ ለዓይን ሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጥተው እኔ ጋ ሁለት ሳምንት ሊያርፉ ሆነ። ክራራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። የሚጫወቱት ትዝታ በስልክ ከተያዙ ሁለት ሦስት ቁርጥራጮች ውጭ የትም የለም። ያን ማታ ወሰንኩ። ሳይመለሱ በደንብ እቀዳቸዋለሁ። ላፕቶፕ አለኝ፣ ማይክ እዋሳለሁ፣ ምን ይከብዳል?

አስራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ቀረጻው ራሱ የወሰደው ግማሽ ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ያለቀው ከድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከሚሰካበት ዕቃ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) ጋር ስታገል ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ አብዛኞቻችን የምንሠራው ነው። አንድ ጓደኛዬ የታወቀ የሙዚቃ ሶፍትዌር ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ፣ በፍላሽ ሰጠኝ። «አንቲቫይረሱን አጥፋና ጫነው» አለኝ። አጠፋሁ፣ ጫንኩ። በማግስቱ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ላፕቶፑም እንደ ሽማግሌ ማቃሰት ጀመረ። ዊንዶውሱን ከነጭራሹ አጥፍቼ እንደገና ስጭን ሁለት ቀን ሄደ።

ከዚያ ሪፐር የሚባለውን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም አወረድኩ። ሪፐርን የጀመረው ጀስቲን ፍራንክል ነው። ያኔ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ዘፈን የምንሰማበትን ዊንአምፕን የሠራው ሰው ማለት ነው። ፋይሉ 20 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፤ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። 60 ቀን በነጻ ያሠራሃል፣ ምንም የሚዘጋብህ ነገር የለም። ለግል የሚሆነው ፈቃድ 60 ዶላር ነው። በኋላ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። ክራክ ከማሳደድ ይሄ ይሻል ነበር፤ ሁለቱን ቀን የሚመልስልኝ ግን የለም።

ሳውንድ ካርዱን ያገለገለ ገዛሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ባለ ሁለት ቻናል ትንሽ ሳጥን ነው። ሰካሁት። ዊንዶውስ ወዲያው አወቀው፤ ሙዚቃ ስከፍት በሄድፎን ጥርት ብሎ ተሰማ። «ድራይቨር መጫን ቀረልኝ» ብዬ ደስ አለኝ። ይቺን ደስታ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ማይኩን ሰክቼ ሪፐር ላይ ትራክ ከፈትኩ። ቀዩን የቅጂ ቁልፍ ተጫንኩና አጨበጨብኩ። ዝም። የድምፁ መለኪያ ንቅንቅ አላለም። ኬብል ቀየርኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ማይኩን ላዋሰኝ ልጅ ደውዬ ልወቅሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ ማይኩ ኮንደንሰር ነው፤ 48 ቮልት ካልተላከለት አይሠራም። ሳጥኑ ላይ 48 የሚል ቁልፍ አለ። ተጫንኩት። አሁን ሳጭበጭብ የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፤ ሪፐር ላይ ግን አሁንም ዝም ነው።

እዚህ ላይ ነው ትንሽ ብልሃት የመጣልኝ። ቧንቧ ውሃ ሲያቋርጥ ከቆጣሪው ጀምረህ ነው የምትፈትሸው። መብራቱ ብልጭ ካለ ድምፁ ሳጥኑ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ማይኩም ኬብሉም ንጹህ ናቸው። የተዘጋው ከሳጥኑ ወዲህ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንግ ገባሁ፣ ፕራይቬሲ፣ ማይክሮፎን። ፕሮግራሞች ማይክ እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው ቁልፍ ጠፍቷል።  ሳበራው መለኪያው ዘለለ።

በአምስተኛው ቀን አጎቴን አስቀመጥኳቸው። በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ፣ ማይኩን ከክራሩ አንድ ክንድ ያህል አራቅኩት፣ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ቃኙ። ጀመሩ። አራት አምስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም አቆሙ። ሄድፎኑን አውልቀው ወደ በሩ አዩ።

«ማነው የሚከተለኝ?»

«ማንም የለም ጋሼ።»

«አለ እንጂ! እኔ ስመታ እሱ ቆይቶ ይመታል። ቀልቤን ነሳኝ።»

ሄድፎኑን ተቀብዬ እኔም ሞከርኩት። እውነታቸውን ነው። ጣቴ ክሩን ይነካል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። እሳቸውን የሚከተላቸው ራሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የገባኝ በታክሲ ሳስበው ነው። ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ይቆራረጣል። በ48 ኪሎኸርትዝ ከሆነ በሰከንድ 48,000 ቁራጭ ነው። ሳምፕል ይሉታል። እነዚህ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ አይሄዱም፣ ታክሲ ይጠብቃሉ። ታክሲው በፈር ይባላል። ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላ አይነሳም። እኔ «ትልቅ በፈር ይሻላል» ሲባል ሰምቼ 1024 ወንበር ሰጥቼዋለሁ። እሱ እስኪሞላ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሲገባ 21፣ ሲወጣ 21። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አጎቴ ክራሩን እዚህ እየመቱ ጆሯቸው 14 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ያህል ነው። ለዚያውም ሌላው ጣጣ ሳይቆጠር።

ሌላው ጣጣ ያቺ ደስታዬ ናት። ሳጥኑን ስሰካው ዊንዶውስ ያወቀው በራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ ያሉት ዊንዶውስ 10ዎች እንዲህ ዓይነት ዩኤስቢ ሳጥን ሲያዩ የሚጠቀሙበት አብሯቸው የመጣ ድራይቨር አላቸው። ዘፈን ለመስማት በቂ ነው። ለቀረጻ ግን ድምፁ በዊንዶውስ መናኸሪያ በኩል ያልፋል። እዚያ ከዩቲዩቡ፣ ከቴሌግራሙ ደወል ጋር ተደባልቆ ታክሲ ይቀይራል። አሲዮ የሚባለው መንገድ መናኸሪያውን ዘልሎ ከሳጥኑ ወደ ሪፐር በቀጥታ ይወስዳል። የጀርመኑ ስታይንበርግ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ያወጣው ነው፤ እስከ ዛሬ ዊንዶውስ ላይ የሚቀዳ ሰው ሁሉ የሚለምነው እሱን ነው። የሳጥኑ አምራች የራሱን የአሲዮ ድራይቨር ይሰጣል፣ መጫን ግን አለብህ። አብዛኞቹ አምራቾች ድራይቨሩን መጀመሪያ ጫን፣ ከዚያ ሳጥኑን ሰካ ይላሉ። እኔ ወረቀቱን ሳላነብ ገልብጬ ነው የሄድኩት።

መሀል ላይ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውንም ሞክሬ ነበር። የራሱ አሲዮ ለሌለው ካርድ፣ ለምሳሌ ለላፕቶፑ ለራሱ ድምፅ፣ ጥሩ መፍትሔ ነው። ለእኔ ግን ዕዳ ሆነ። የአምራቹን ድራይቨር ከጫንኩ በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት አሲዮ ተቀመጡና ግማሽ ቀን የተሳሳተውን መርጬ ስረግም ዋልኩ። ለሳጥንህ የተሠራ ካለ እሱን ብቻ ጫን። ሌላውን አትደርብ።

በስተመጨረሻ ሪፐር ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አሲዮን መረጥኩ፣ በፈሩን ወደ 128 አወረድኩት። ሪፐር በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ ላይ መዘግየቱን በትንንሽ ፊደል ይጽፍልሃል። ቁጥሩ ወደ አምስት ሚሊሰከንድ መግቢያ፣ አምስት መውጫ ወረደ። ክራሩን አንዴ ነካሁት። ድምፁ ከጣቴ ጋር አብሮ መጣ። ጮህኩኝ፤ አጎቴ ደንግጠው ከሌላው ክፍል መጡ።

ደስታው አልቆየም። 128 ወንበር ያለው ታክሲ በሰከንድ 375 ጊዜ መመላለስ አለበት። አሮጌ ላፕቶፕ አንዷን ዙር ካረፈደ ቀረጻው ላይ «ጭ» የሚል ድምፅ ይገባል፤ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል ዓይነት። ሌተንሲሞን የሚባል ነጻ ፕሮግራም ማን እንደሚያዘገይ ያሳያል። ቀይ ያበራው የዋይፋይ ድራይቨሩ ነው። ዋይፋዩን አጠፋሁ። የባትሪ ቁጠባውን ወደ ሙሉ አቅም ቀየርኩ፣ ዊንዶውስ ዩኤስቢውን እንዳያስተኛ ከለከልኩ። ጭጭታው ጠፋ። ለጥንቃቄ ብዬ በፈሩን ወደ 256 ከፍ አደረግኩት፤ ጆሮዬ ልዩነቱን አላወቀም።

የቀረው እምምም የሚል ድምፅ ነበር። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ይመጣል፣ ስነቅለው ይጠፋል። የመብራታችን 50 ኸርትዝ በቻርጀሩ በኩል እየገባ ነው። አንዱ «የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ስበረው» ብሎ መከረኝ። እንዳትሰሙት! እሱ የመሬት ሽቦው ነው፣ ለነፍሳችሁ የተቀመጠ። እኔ ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ለመቅዳት ወሰንኩ። ባትሪዬ ደግሞ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው።

በአስራ አንደኛው ቀን ማታ ሁሉን አዘጋጅቼ ሳለ መብራት ሄደ። ልዘጋው ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፍሪጁ ዝም ብሏል። የኮንዶሚኒየሙ የውሃ ፓምፕ ዝም ብሏል። የጎረቤት ቴሌቪዥንም የለም። ሳጥኑ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው፣ ስለዚህ እየሠራ ነው። ሻማ ለኮስኩና አጎቴን ጠራሁ።

ሄድፎኑን ሳቀብላቸው በእጃቸው ገፉት። «ጆሮዬን አትዝጋብኝ፤ ክራሬን እሰማዋለሁ።»

አስቡት እንግዲህ። ስንት ቀን ሙሉ መዘግየቱን ስቀንስ የሰነበትኩት ለሄድፎኑ ነበር። እሳቸው ያለ ሄድፎን ቢጫወቱ ኖሮ በ1024ም ያው ጥሩ ቅጂ ይወጣ ነበር። ሳጥኑ ላይም ድምፁን ኮምፒውተር ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚልክ ቁልፍ እንዳለ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድካሜ ሁሉ መና ቀረ አልልም፤ በኋላ ቤዝ ጊታር ልደርብበት ስቀመጥ አሲዮው ባይኖር ኖሮ አንድ መስመር እንኳን አልጫወትም ነበር። ግን መጀመሪያ ያችን ቁልፍ ብፈልግ ኖሮ እላለሁ።

ሦስት ጊዜ ተጫወቱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ልክ ሲጨርሱ፣ የመጨረሻው ክር ገና ሳይበርድ፣ ታች ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን አስነሳ። ቅጂው መጨረሻ ላይ ይሰማል። ባትሪው 9 ከመቶ ላይ ነበር። ወዲያው ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት፤ በ24 ቢት፣ በአንድ ማይክ፣ ደቂቃው 9 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላክኩላትም በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ነው። በድምፅ መልእክት ከላክኸው ይጨምቀውና የክራሩን ጥራት ይበላዋል።

ለአጎቴ ኤምፒስሪ አድርጌ በስልካቸው ሚሞሪ ላይ ጫንኩላቸው። ደብረ ማርቆስ በገቡ በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ሰማሁት። አራተኛው ክር ወርዶ ነበር፣ አልነገርከኝም።»

ተመልሼ በሄድፎን ሰማሁት። እውነት ወርዷል፣ በጣም ትንሽ። ስድስቱም ክሮች በአንድ ማይክ ስለገቡ አንዱን ለይቼ ላስተካክል አልችልም። ቅጂው እንዳለ አለ፣ ከነጄኔሬተሩ።