በአፐንዘል አደባባይ እጅ ሲወጣ

በስዊዘርላንድ ከምኖርበት ከሳንት ጋለን ወደ አፐንዘል የሚወስደው ባቡር በኮረብታዎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ 2,502 ሜትር ከፍታ ያለው የዜንቲስ ተራራ በረዶውን እንደተከናነበ ከሩቅ ይታያል። ተወልጄ ያደግሁት በስሜን ተራሮች መግቢያ፣ በደባርቅ ስለሆነ የተራራ አገር ሰው ጠባይ እንግዳ አይሆንብኝም። በየዓመቱ በኤፕሪል የመጨረሻ እሑድ ወደዚያ የምሄደው ግን ላንድስገማይንደ የሚባለውን የሕዝብ ጉባኤ ለመመልከት ነው። (ከአንዱ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፐንዘል የአፐንዘል ኢነርሮደን ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ዋና ከተማ ናት፤ ካንቶኑ በሙሉ 16,000 ያህል ሕዝብ አለው። በጉባኤው ቀን መራጩ በገመድ በታጠረው አደባባይ ገብቶ ይቆማል። ሴቶች የመምረጫ ካርዳቸውን ያሳያሉ፤ ወንዶች ግን በካርድ ፈንታ ከአባት ከአያት የወረሱትን ጎራዴ ወገባቸው ላይ ታጥቀው መግባት ይችላሉ። ላንዳማን የተባለው የካንቶኑ መሪ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ሕዝቡም ይምላል፤ ሰባቱ የመንግሥት አባላት፣ ዳኞችና ሕጎች እጅ በማውጣት ይመረጣሉ፣ ይጸድቃሉ። ድምፁ የሚለካው በዓይን ግምት ነው፤ የሚቆጠረው ግምቱ ሲያጠራጥር ብቻ ነው። ፓርቲዎች እዚህ ጉልበታቸው አነስተኛ ሲሆን የገበሬዎች፣ የነጋዴዎችና የሠራተኞች ማኅበራት የሚደግፉት ሰው የተሻለ ዕድል አለው። እኔ የስዊዘርላንድ ዜጋ ስላልሆንኩ ከገመዱ ውጭ ከተመልካቾች ጋር እቆማለሁ።

በዚህ አደባባይ ከሆነው ሁሉ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ የሴቶች ድምፅ ታሪክ ነው። በ1959 የስዊዘርላንድ ወንዶች ሴቶች በፌዴራል ጉዳይ ይምረጡ ወይስ አይምረጡ ተብለው ሲጠየቁ፣ በዚህ ካንቶን 95 በመቶው አይምረጡ አሉ። በ1971 አገሪቱ በአብላጫ ድምፅ ስትፈቅድም ካንቶኑ እንደተቃወመ ነበር። በዚህም ምክንያት የአፐንዘል ሴት ለሃያ ዓመት ያህል ስለ አገሪቱ ጉዳይ ስትመርጥ፣ ስለ ገዛ ካንቶኗ ሕግና ዳኛ ግን ድምፅ አልነበራትም። ጉባኤው በ1973፣ በ1982 እና በኤፕሪል 1990 ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በካንቶኑ ሕገ መንግሥት ውስጥ «የአገሩ ሰዎች» የሚለው አነጋገር ሴቶችንም ይጨምራል ብሎ ወሰነ፤ ሴቶቹም በኤፕሪል 1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱን አልፈው ገቡ።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲያነሡ የተራራ ሰው ወግ አጥባቂ ነው ብለው ያልፋሉ። ሴቶች ከገቡ ጥንታዊው ጉባኤ ይፈርሳል የሚል ስጋትም በእርግጥ ነበር። እኔ ግን የእጅ ማውጣቱ ሥርዓት ራሱ ድርሻ እንደነበረው አምናለሁ። አማቱ በስተቀኙ፣ ወተቱን የሚገዛው ነጋዴ በስተግራው፣ ወንድሙ ከኋላው ቆመው እያዩት እጁን ብቻውን የሚያወጣ ሰው፣ ድምፁ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነገ የሚኖረውንም ኑሮ የሚነካ ነው። የድምፅ ምስጢርነት ከመንግሥት ለመሸሸግ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር፤ ከዘመድና ከጎረቤትም እንደሚጠብቅ የገባኝ እዚህ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ እጁን ያወጣ እንደነበር፣ ያወጣውም ቀና ብሎ ሳይሆን ጎረቤቱን በጎን እያየ እንደነበር ነግሮኛል። እናቴ ደግሞ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ መርጣ ከተመለሰች በኋላ ማንን እንደመረጠች ለአባቴ እንኳ አልነገረችውም፤ አባቴም አልጠየቃትም። የአፐንዘልን ነፃ ሕዝብ ከቀበሌው ፍርሃት ጋር ማስተካከል ትልቅ በደል ይሆናል። ሆኖም ያ የእናቴ ዝምታ ምን ያህል ውድ እንደነበር ያወቅሁት ይህን አደባባይ ካየሁ በኋላ ነው።

ጉባኤው ታላቅ በጎነት እንዳለውም መካድ አልችልም። ማንኛውም መራጭ ብቻውን የሕግ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ መድረክ ወጥቶ ለመናገርም የማንንም ፈቃድ አይለምንም። ይህ ሥርዓት በካንቶን ደረጃ አሁንም በሚሠራበት በሌላኛው ቦታ፣ በግላሩስ፣ ጉባኤው በ2006 የካንቶኑን 25 ማዘጋጃ ቤቶች ወደ ሦስት እንዲጠቃለሉ በመወሰን መንግሥት ካቀረበው ሐሳብ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ እጅ የሚያወጣ ሕዝብ ሁልጊዜ ያለፈውን ይጠብቃል ማለት አይቻልም። ሆኖም ከፋፋይ የሆኑት ጉዳዮች፣ በተለይም የሰው መብት የሚነኩት፣ በምስጢር ድምፅ እንዲወሰኑ እመኛለሁ። በወረርሽኙ ምክንያት ጉባኤው በቀረባቸው በ2020 እና በ2021 ሕዝቡ በወረቀት መርጧልና፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር አይደለም።

ባለፈው ጊዜ ከጉባኤው በኋላ፣ በ1991 ከመጀመሪያዎቹ ጋር ከገቡት መካከል ከሆኑ አንዲት እናት ጋር ቡና ጠጣን። ሁልጊዜ ከባለቤታቸው ጎን እንደሚቆሙ አጫወቱኝ። ባለቤትዎ ባላወጡበት ጉዳይ እጅዎን አውጥተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነና በሁለቱም ቀን ምሳቸውን ሳይነጋገሩ እንደበሉ ነገሩኝ።