ቀበሮ፦ ትናንት አልታየም

መንዝን ባሕር ባይከበውም ገደል ይከበዋል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የጓሳ ሣር ሜዳ ያለው እዚያው ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሞ "ጓሳ በየት በኩል ነው የሚኬደው?" የሚል እንግዳ፣ ታንኳ ሲጠብቅ ሐይቅ ዳር ከሚውል ሰው ብዙ አይለይም። መኪናው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። የመንገዱን ነገር ሹፌሩ፣ የማደሪያውን ነገር ደግሞ እዚያው ጓሳ ያለው ሰው ያውቃል። የሦስቱን ወሬ አንድ ቦታ ላድርገው ብዬ ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ የሠራሁት ግን በራሪ ወረቀት ነው። "ውብ"፣ "ድንቅ"፣ "ያልተነካ ተፈጥሮ" እያልኩ ሞላሁት። ሰው ወረቀቱን ይቀበለኝና አጥፎ ኪሱ ከትቶ "እሺ፣ መኪናው በስንት ሰዓት ነው?" ይለኛል። እሱንም ግርጌው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ፤ "12 ሰዓት" ብዬ። አንድ ቀን ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ሻንጣቸውን አዝለው መናኸሪያ ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። የኛ ማለዳ 12 በነሱ 6 ነው፤ የነሱ 12 ደግሞ ቀትር። መኪናው ስድስት ሰዓት ቀድሟቸዋል። የዚያን ሌሊት አልጋቸውን ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን በሁለቱም እጽፋለሁ፣ ቀኑንም እንዲሁ። ጥር 11 የሚል ብቻ አንብቦ በነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 11 ቀን ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ስምንት ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው ዕጣው።

ወረቀቱን ተውኩትና መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምታፈላ እህታችንን ግድግዳሽን አበድሪኝ አልኳት። ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልኩ። በየማለዳው ረዳቶቹን ጠይቄ፣ ጓሳ ስልክ ደውዬ፣ የሰማሁትን በጠመኔ እጽፋለሁ፤ የሚወጣው መኪና፣ መንገዱ፣ ብርዱ። መንገዱ ላይ ያለው ጣርማበር ጉም ከወረደበት ያንኑ እጽፋለሁ። ዝናብ መንገዱን ካበላሸው "ዛሬ አትሂዱ" እላለሁ። እንግዳ ታባርራለህ ያሉኝ ነበሩ። ግን አትሂዱ ያልኩት ሰው በማግስቱ ተመልሶ እኔኑ ነው የሚጠይቀው።

ከሁሉ ያሳፈረኝ የቀበሮው ነገር ነው። የወረቀቱ ሽፋን ላይ ቀይ ቀበሮ አውጥቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት፣ ቤተሰቡ በስስ ሹራብ ውርጭ ሲያንቀጠቅጠው አድሮ ጠዋት አገኘኝ። "ቀበሮው የታለ? ወረቀታችሁ ላይ አለ እኮ!" ምን እመልሳለሁ? ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ ያለውም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ቀን ቢሆንም ብቻውን ስለሚሄድ ማየት ዕድል ነው። ጭላዳ ግን ገደል ውስጥ አድሮ ጠዋት ሜዳው ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይነጫል። አሁን "ጭላዳ፦ ብዙ ጊዜ ይታያል። ቀበሮ፦ ዕድል ነው። ካፖርት ያዙ" እላለሁ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል።

"ያልተነካ" የምትለውን ቃል ያስወጡኝ አንድ የጓሳ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን ልጃቸው አነበበላቸው።

"ልጄ፣ ማነው ያልተነካ ያለህ?"

"ለማሳመር ነው አባባ።"

"ጠብቀነው እኮ ነው!"

ከዚያ ስለ ቄሮ ሥርዓት፣ ስለ ጓሳው የጥንት አጠባበቅ፣ አጫወቱኝ። አስቦና ጌራ በሚባሉት ሁለት ወገኖች በኩል የተመረጡት አለቆች ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። ሳይከፈት የገባ ይቀጣል። 400 ዓመት ገደማ የኖረው ይህ ሥርዓት በ1967 የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ጥበቃውን ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። እኔ መንዝ ተወልጄ ይህን የማውቀው በጭላንጭል ነበር። አሁን አስጎብኚዎቹን የምለምናቸው ከጭላዳው በፊት ከሣሩ እንዲጀምሩ ነው። የገመድ አገማመዱን ያየ እንግዳ ጥያቄ ያበዛል፣ ካልቸኮለም ያድራል።

ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ምሳውን ቋጥሮ፣ ሰዎቹን በመኪና አምጥቶ፣ ማምሻውን ይዟቸው ይመለሳል፤ ለኛ የሚተርፈን የውሃ ፕላስቲክ ነው። ተናድጄ በቅሎ የሚያከራየውን፣ እንጀራ የምትጋግረውን፣ የሱፍ ባና የሚሸጠውን ከነዋጋው ሰሌዳው ላይ አወጣሁ። በሳምንቱ ባለበቅሎዎቹ ተጣሉ! ዋጋውን የወሰንኩት እኔ ነኛ። ራሳቸው ተሰብስበው ዋጋና ተራ እስኪቆርጡ ድረስ አጥፍቼው ቆየሁ።

ስለ አንኮበር ብዙ አልደከምኩም። ወደዚያ የሚሄዱት የወፍ ሰዎች ከኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ በፈረንጅ 1976 የተገኘችውን የአንኮበር ሰሪን ፍለጋ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ትንሽዬ ወፍ ናት። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሊያይ መጥቶ "ይህቺ ናት እንዴ?" የሚለውን ግን አልወቅሰውም።

ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት ይህ ነው፦ መሐል ሜዳ (በጓሳ የሚያልፈው)፣ አንድ አውቶብስ፣ ማለዳ 12 ሰዓት፣ በፈረንጅ 6። ጣርማበር ጉም አለ። በቅሎ፦ ተረኛው ደርሷል። ቀበሮ፦ ትናንት አልታየም።