እንዲጨፈለቅ የሚነደፍ ሳንድዊች ፓነል

ሳንድዊች ፓነል ማለት ሁለት ላሜራ በመሃላቸው ኮር የሚባል ቀለል ያለ ሙሌት ይዘው የተጣበቁበት ነው። ፍንዳታ ይቋቋማል የሚባል፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ፓነል ሲነደፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ግፊቱ ስንት ነው?" ነው። ኮሩን የሚያስመርጠው ግን ግፊቱ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ቅርብ ቦታ ላይ የደረሰ ፍንዳታ ግፊቱ እጅግ ከፍ ቢልም ከጥቂት ሚሊሰከንድ በላይ አይቆይም። ፓነሉ ገና ጎበጥ ሳይል ግፊቱ ያልቃል። እዚህ ላይ የሚሰላው ኢምፐልሱ ነው፤ የግፊትና የጊዜ ግራፍ ከሥሩ ያለው ስፋት ማለት ነው።

ሁለት ባለ 2 ሚሊሜትር የብረት ላሜራ፣ በመሃላቸው 50 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ፎም (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የሞላበት አሉሚኒየም) እንውሰድ፤ ፎሙ በሜትር ኪዩብ 270 ኪሎ ነው። በካሬ ሜትር አንዱ ላሜራ 15.7፣ ፎሙ 13.5፣ ድምሩ 45 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 1,000 ፓስካል ሰከንድ ኢምፐልስ የፊቱን ላሜራ በሰከንድ 64 ሜትር ያስወነጭፈዋል፤ በካሬ ሜትር 32 ኪሎጁል መሆኑ ነው። ፎሙ ተጨፍልቆ ሦስቱም በአንድ ፍጥነት መሄድ ሲጀምሩ የሚቀረው 11 ብቻ ነው። 21ዱን ፎሙ መብላት አለበት። በ1.5 ሜጋፓስካል የሚጨፈለቅ ፎም 14 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይጨርሰዋል። በ0.5 የሚጨፈለቅ ለስላሳ ፎም ግን 60 በመቶ ቢጨፈለቅም የሚበላው 15 ነው። ከዚያ ይደነድንና የፊቱ ላሜራ የኋላውን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

በዚሁ ክብደት ድፍን ላሜራ ቢሠራ ውፍረቱ 5.7 ሚሊሜትር ነው። ኮሩ በሸር (ሁለቱ ላሜራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ለመንሸራተት ሲጎትቱት) እስካልተሰነጠቀ ድረስ የሳንድዊቹ የመታጠፍ አቅም የድፍኑን 13 እጥፍ ያህል ነው፤ 14 ሚሊሜትር ከተጨፈለቀ በኋላም 9 እጥፍ ይቀረዋል።

የጋዝ ደመና ፍንዳታ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ የሞቱት 15 ሰዎች በጊዜያዊ ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና አጠገብ የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ፍንዳታ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ቆይታው ግን ይረዝማል። ሃምሳ ኪሎፓስካል የሚመጣበት ግድግዳ ላይ ባለ 1.5 ሜጋፓስካል (1,500 ኪሎፓስካል) ፎም አይጨፈለቅም፤ ዋጋ ከፍሎ ማስጌጫ መግዛት ነው። እዚያ ገንዘቡ የሚውለው ለላሜራው፣ ለፍሬሙና ለማያያዣው ነው።

የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው አሉሚኒየም ከተመረጠ አንድ ጠባይ አለው፦ መታጠፍ ሳይጀምር በፊት ጥንካሬው አንዴ ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል። ስለዚህ ከመጣበቁ በፊት አንድ ሁለት ሚሊሜትር በፕሬስ ቀድሞ ይጨፈለቃል።

ብዙ ፓነል የሚበላሸው በማጣበቂያው ነው። ላሜራው በአሴቶን ይጠረጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ እንደገና ይጠረጋል፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል። ውኃው እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ጥሩ ነው፤ ወደ ነጠብጣብ ከተሰበሰበ ቅባት ቀርቷል፣ ሥራው ይደገማል። በደንብ ካደረቁት በኋላ ማጣበቂያው ኢፖክሲ በቫኪዩም ወይም በእኩል ጫና ሥር ይድረቅ። ላሜራው ከኮሩ ከተላቀቀ ያ ሁሉ የመታጠፍ አቅም የለም፤ የቀሩት ሁለት ቀጫጭን ላሜራዎች ናቸው።

ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳ። ብሎን በባዶ ፎም ላይ ሲጠብቅ ፎሙን ያደቀዋል፣ በጭነት ጊዜም ላሜራው ከቀዳዳው ይቀደዳል። ጠርዙ ላይ ፎሙን አውጥቶ ድፍን አሉሚኒየም ማስገባት፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ማድረግ ያስፈልጋል። ደግሞም ፓነሉ ወደ ውስጥ ጎብጦ ይመለሳል፤ ከመጀመሪያው ግፊት ቀጥሎ የሚመጣው አሉታዊ ግፊትም (ከአየሩ ግፊት በታች መውረዱ) ወደ ውጭ ይስበዋል። ብሎኖቹ ለዚህ ለመልሱ ካልተሰሉ የመጀመሪያውን ምት የቻለ ፓነል ወደ ውጭ ተነቅሎ ይወድቃል።